ስዕል ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ የግድግዳ ስዕል አመራረጥና አሰቃቀል

ባዶ ግድግዳ ያስቸኩላል። ቤት ስንቀይር ወይም አዲስ ቀለም ስናስቀባ ያ ባዶ ግድግዳ በገባን በወጣን ቁጥር ዓይናችን ላይ ይደቀናል። ከዚያ አንድ ቀን እግረ መንገዳችንን ያየነውን ስዕል ገዝተን እንመጣለን። ስንሰቅለው ግን የሆነ ነገር ይጎድላል። ስዕሉም ቆንጆ ነው፣ ግድግዳውም ደህና ነው፣ አብረው ግን አልሄዱም።

እኔም ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ሶፋዬ 2 ሜትር ከ20 ርዝመት አለው። ከበላዩ 30 በ40 ሴንቲሜትር የሆነች የባሕር ዳርቻ ስዕል ሰቀልኩ። ሱቅ ውስጥ ሳያት ልቤን ወስዳው ነበር፣ ሶፋው ላይ ስትሆን ግን ፖስታ ላይ እንደተለጠፈች ቴምብር ጠፋች። አውርጄ ቁም ሳጥን ጀርባ ከተትኳት። ከዓመት በኋላ መኝታ ቤት በር አጠገብ ያለች ጠባብ ግድግዳ ላይ ሞከርኳት፣ እና ዛሬም በየጠዋቱ ቆሜ የማየው እሷን ነው። ስዕሏ ምንም አላጠፋችም፣ ቦታዋ ግን ያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ወዳጆቼን ቤት ስዕል አብሬ ሰቅያለሁ። ያየሁት ነገር ቢኖር ችግሩ የምርጫ ችግር የሚሆነው አልፎ አልፎ መሆኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው መጠን፣ ከፍታና ብርሃን ነው። ሦስቱንም ደግሞ ገንዘብ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ቤታችሁ ውስጥ ማወቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር።

1. መጀመሪያ ተቀመጡ

ሜትር ከማንሳታችሁ በፊት በየክፍሉ ዘወትር የምትሆኑበት ቦታ ላይ ሁኑ። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ አልጋው ላይ ጋደም በሉ፣ በሩን ከፍታችሁ ግቡ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ያርፋል? ከዚያ ቦታ እስከ ግድግዳው ስንት እርምጃ ነው?

ይሄ ርቀት የስዕሉን ዓይነት ይወስናል። ከሦስት አራት ሜትር የምታዩት ግድግዳ ትልቅና ቀለል ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ጥቂት ቅርጾች፣ ግልጽ የሆነ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ያለው። ኮሪደር፣ የጽሕፈት ጠረጴዛ አጠገብ፣ የበር ጎን ደግሞ ተጠግታችሁ የምታዩባቸው ቦታዎች ናቸው። እነሱ ላይ ትንሽ ግን ዝርዝር የበዛበት ስዕል ያምራል፤ የእርሳስ ንድፍ፣ የድሮ ካርታ፣ ትንሽ ፎቶ።

ስክሪን ላይ ስዕል ስናይ መጠኑን በጭራሽ አናውቀውም። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለችው ሞና ሊዛ 77 በ53 ሴንቲሜትር ብቻ ናት። የሠዓሊው ሆኩሳይ ታላቁ ማዕበል ደግሞ፣ ያ በየቦታው የምናየው የጃፓን የእንጨት ህትመት፣ በእውነተኛ መጠኑ ወደ 26 በ38 ሴንቲሜትር ነው። ኤ3 ከሚባለው ወረቀት እንኳ ያንሳል። ሰዎች በእጃቸው ይዘው በቅርብ እንዲያዩት የተሠራ ነው፣ ጀልባዎቹ ላይ የተጎነበሱትን ቀዛፊዎች ማየት የሚቻለውም ተጠግቶ ነው። ሶፋ ላይ አንድ ሜትር አድርጋችሁ ብታሳትሙት ያምራል፣ ጠረጴዛችሁ አጠገብ በራሱ መጠን ብታደርጉት ግን ፍጹም ሌላ ስዕል ይሆናል። ሁለቱም ይቻላል። ብቻ የትኛውን እንደፈለጋችሁ አውቃችሁ ሁኑ።

2. ለኩ፣ ከዚያ ወረቀት ለጥፉ

ከሁሉም በላይ እንድትሞክሩት የምለምናችሁ ይሄን ነው።

ከሶፋ፣ ከአልጋ ራስጌ ወይም ከቡፌ በላይ የሚሰቀል ስዕል ስፋቱ ከሥሩ ካለው ዕቃ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። የኔን ሶፋ እንውሰድ፣ 220 ሴንቲሜትር። ሁለት ሦስተኛው ወደ 147 ይመጣል። ይሄን በአንድ ትልቅ ስዕል መሙላት ይቻላል። ወይም እያንዳንዳቸው 45 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸውን ሦስት ፍሬሞች በመሃላቸው 6 ሴንቲሜትር ትታችሁ ትደረድራላችሁ፤ 45 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 12፣ ልክ 147። ዓይን ሦስቱን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። ትልልቅ ስዕል መግዛት አቅም ሲፈትን በጣም የሚረዳ መላ ነው።

አሁን አሮጌ ጋዜጣ ወይም መጠቅለያ ወረቀት አምጡና በዚያ ልክ ቆርጣችሁ፣ ቀለም በማይልጥ ወረቀት ነክ ፕላስተር ለጥፉት። በቃ ተዉት። አንድ ሳምንት ይቀመጥ። ጠዋት እዩት፣ ማታ መብራት አብርታችሁ እዩት፣ እንግዳ መጥቶ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ የት ላይ እንደሚያርፍ እዩ። በሩ ሲከፈት ይነካዋል? መጋረጃው ሲሰበሰብ ግማሹን ይሸፍነዋል? እነዚህን ነገሮች በሐሳብ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱ በጣም ትልቅ ይመስላችኋል። እኔ ያገዝኳቸው ሰዎች ሁሉ "ኧረ ይሄማ በዛ" ብለው ነው የጀመሩት። በሦስተኛው ቀን ለምዷችሁ፣ እንዲያውም ትንሽ ቢሰፋ ስትሉ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ሳምንት ሙሉ ከበዛባችሁ ግን እመኑት፣ በእርግጥም በዝቷል ማለት ነው። መቀስ አንሱና ጠርዙን ቀንሱ።

3. ምን እንደምትወዱ እወቁ

መጠኑን ካወቃችሁ በኋላ ልባችሁን ልቀቁት። ብዙ ሰው "እኔ ስለ ስዕል አላውቅም" ይላል። ማወቅ አያስፈልግም። ለሁለት ሳምንት ደስ ያላችሁን ምስል ሁሉ ስልካችሁ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ፤ ስዕል፣ ፎቶ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የጨርቅ ጥለት። ለምን እንደወደዳችሁት አትመራመሩ። ሠላሳ ሲሞሉ አንድ ላይ ከፍታችሁ እዩ። የሚደጋገም ነገር አለ። ምናልባት ውሃ ይደጋገማል። ወይም ጀርባቸውን የሰጡ ሰዎች፣ ወይም ጥቁርና ነጭ፣ ወይም ብዙ ባዶ ቦታ ያለው ነገር። የእናንተ ምርጫ እሱ ነው፣ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ከዚያ ከሠላሳው አምስቱን አስቀሩና አንዱን የስልካችሁ መክፈቻ ላይ አድርጉት። በአሥረኛው ቀን ከሰለቻችሁ ግድግዳ ላይም ይሰለቻችኋል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። ስዕሉ ከሶፋውና ከመጋረጃው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም እንዲሆን የሚጨነቁ አሉ። እኔ አልስማማም። ሁሉም ነገር ሲመሳሰል ስዕሉ ከትራስ ጨርቅ ጋር አብሮ የተሸጠ ይመስላል። ስዕሉ ውስጥ በጥቂቱ ያለች አንዲት ቀለም ክፍሉ ውስጥ ሌላ ቦታ ካለች ይበቃል። ለምሳሌ ስዕሉ በአብዛኛው ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ ጥግ ላይ ያለችው ጀልባ ዝገት ብትመስል፣ ሶፋው ላይ ያንን ቀለም የያዘ አንድ ትራስ ቢኖር፣ ዓይን ሁለቱን በራሱ ያገናኛቸዋል።

ደግሞ ስዕል ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ፎቶ፣ ልጅ የሣለው፣ የተሸመነ ጨርቅ፣ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሁሉም በጥሩ ፍሬም ግድግዳ ይገባዋል። የልጅን ስዕል ማቀዝቀዣ ላይ በማግኔት ከመለጠፍ ይልቅ በሰፊ ነጭ ካርቶንና በፍሬም አስገብታችሁ ሳሎን ስቀሉት። ልጁ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚሆነውን ነገር እኔ አይቼዋለሁ፣ እናንተም እንድታዩት እመኛለሁ።

4. ኦሪጅናል ወይስ ህትመት?

አቅም ካላችሁ ቢያንስ አንድ በሰው እጅ የተሠራ ነገር ቤታችሁ ይኑር። ትልቅ መሆን የለበትም። በዘይት ቀለም የተሣለ ሸራ ላይ ብርሃን ከጎን ሲመጣ የብሩሹ ፈለግ ጥላ ይጥላል፣ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይሆንም። ህትመት ይሄ የለውም። የምትገዙት በሕይወት ካለ ሠዓሊ ከሆነ ደግሞ በምን ቀለም፣ በምን ላይ እንደሠራው፣ ቀለሙ ብርሃን ይችል እንደሆነ ጠይቁት። ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ህትመትም ቢሆን ክብር የሌለው ነገር አይደለም። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎችን ትልልቅ ሙዚየሞች በጥሩ ጥራት በነፃ ይለቃሉ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ማንም እንዲጠቀምባቸው ከፍቷል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየምና የቺካጎው አርት ኢንስቲትዩትም እንዲሁ። ታላቁ ማዕበል ራሱ ከሜትሮፖሊታን ድረ ገጽ ይወርዳል። በሕይወት ያለ ሠዓሊን ሥራ ግን ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳተም የሰው ላብ መውሰድ ነው። እሱን ከባለቤቱ ግዙ።

ስታሳትሙ ፒክስሉን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች፣ አስሉ። በቅርብ ለሚታይ ህትመት ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 118 ፒክስል ቢኖር ጥርት ይላል። ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ለሚያዩት 60 ይበቃል። ስልካችሁ በ12 ሜጋፒክስል ያነሳው ፎቶ ረጅሙ ጎኑ 4000 ፒክስል ነው፤ ለ60 ስታካፍሉት 66 ሴንቲሜትር። ስለዚህ ያ ፎቶ ኤ2 ወረቀት ላይ (42 በ59.4) ለሳሎን ግድግዳ በደንብ ይሆናል። ከማኅበራዊ ሚዲያ ያወረዳችሁት 1080 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል ግን 18 ሴንቲሜትር ላይ ያበቃለታል። ፎቶ ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ መተግበሪያው ራሱ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል።

5. ፍሬሙ፣ ካርቶኑ፣ መስታወቱ

በፍሬሙና በስዕሉ መሃል የሚገባውን ካርቶን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ብቻ ያየዋል። ሥራ አለው። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር እንዳይነካካ ያደርጋል። ፎቶ ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ከቆየ፣ በተለይ እርጥበት ካገኘው፣ ሲላቀቅ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ካርቶኑ አሲድ የሌለበት እንዲሆን ጠይቁ፣ ርካሹ በጊዜ ብዛት ይበላሽና ስዕሉ ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር ይተዋል። ስፋቱን አትሰስቱ። ለትንሽ ስዕል ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር ካርቶን በየጎኑ ስጡት፣ የታችኛው ከላይኛው ትንሽ ቢሰፋ ደግሞ ስዕሉ ወደ ታች የወረደ አይመስልም። ትንሽ ስዕልን ለትልቅ ግድግዳ የማብቃት መንገዱም ይሄው ነው። የኔዋ የባሕር ዳርቻ ያን ጊዜ ሰፊ ካርቶን ቢኖራት ኖሮ ቁም ሳጥን ጀርባ ባልከረመች ነበር።

በዘይት ወይም በአክሬሊክ የተሣለ ሸራ መስታወት አያስፈልገውም። የውሃ ቀለም፣ እርሳስ፣ ፎቶና ህትመት ያስፈልጋቸዋል።

ክብደቱን አስቡበት። የመስታወት ሒሳብ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ። 60 በ80 ሴንቲሜትር የሆነ ፍሬም ባለ 2 ሚሊሜትር መስታወት ቢኖረው መስታወቱ ብቻ 2.4 ኪሎ ነው፣ የእንጨቱ ሳይቆጠር። ከአልጋ ራስጌ ወይም ከልጆች አልጋ በላይ የሚሰቀል ከሆነ በመስታወት ፋንታ እንደ መስታወት የሚያሳይ ፕላስቲክ አስገቡ፣ ክብደቱ ግማሽ ነው፣ ቢወድቅም እንደ መስታወት አይበተንም።

6. ፀሐይና እርጥበት

በውሃ ቀለም የተሠራ የተራራ ስዕል ነበረኝ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ለስድስት ዓመት ተሰቅሎ ቆየ። እየደበዘዘ መሆኑን አላየሁም፣ በየቀኑ የሚያየው ሰው አያይም። አንድ ቀን መስታወቱን ለመቀየር ስከፍተው ካርቶኑ ሸፍኖት የነበረው የጣት ስፋት ያህል ጠርዝ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። የቀረው ሰማይ ሁሉ ግራጫ ሆኗል። ያንን ጠርዝ በጣቴ እየነካሁ ብዙ ተቀመጥኩ። የጠፋ ቀለም አይመለስም።

ይሄ በታላላቆቹም ደርሷል። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1888 የሣለውን የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ሐምራዊ ብሎ ነበር በደብዳቤው የጻፈው። ዛሬ ስናየው ሰማያዊ ነው፣ ቀዩ ቀለም በብርሃን ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ሙዚየሞች ወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎችን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወረቀት ወረቀቱን ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ አድርጉ። ቦታ ከሌላችሁ ጨረር የሚከላከል መስታወት አለ፣ ግን እሱም መደብዘዙን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ፀሐይ ለሚያገኘው ግድግዳ በቀላሉ እንደገና የምታሳትሙትን ነገር ምረጡ። የማይተካ ፎቶ ከሆነ፣ የአያት ፎቶ ለምሳሌ፣ ስካን አስደርጉና ቅጂውን ስቀሉ። ዋናው ጨለማና ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

ከመስኮት ፊት ለፊት የሚሰቀል መስታወት ሌላም ጣጣ አለው፤ ቀን ቀን ከስዕሉ ይልቅ መስኮቱን ነው የምታዩበት። ስለዚህ ወረቀቱን ለጥፋችሁ ሳለ እዚያው ቦታ ላይ የእጅ መስታወት ይዛችሁ አንድ ሰው እንዲያይ አድርጉ፣ ምን እንደሚያንጸባርቅ ወዲያው ይታወቃል።

መታጠቢያ ቤት፣ ምድጃ አጠገብ፣ ውጪውን ዝናብ የሚመታው ግድግዳ፣ እነዚህ ላይ ውድ ነገር አትስቀሉ። የትም ብትሰቅሉ ፍሬሙ ጀርባ ታችኛዎቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ለጥፉ። አየር ያልፋል፣ ሻጋታ አይይዝም፣ ፍሬሙም አይንሸራተትም።

7. አሰቃቀል

በጣም የተለመደው ስህተት ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። የስዕሉ መሃል፣ መሃሉ ነው የምላችሁ፣ ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። የቆመ ሰው ዓይን ገደማ ነው። ከሶፋ ወይም ከቡፌ በላይ ከሆነ ግን ይሄን ተዉትና የፍሬሙ የታችኛው ጠርዝ ከዕቃው ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ ይበል። ከዚያ በላይ ሲርቅ ስዕሉና ሶፋው የተኳረፉ ይመስላሉ።

ሚስማሩ የት ይግባ ለሚለው ሒሳቡ ይሄ ነው። ፍሬሙ 60 ሴንቲሜትር ቁመት አለው እንበል። ጀርባው ላይ ያለውን ሽቦ በጣታችሁ ወደ ላይ ወጥሩትና ከፍሬሙ ጫፍ ስንት እንደሚወርድ ለኩ፣ 8 ሆነ እንበል። መሃሉ 148 ላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ 148 ሲደመር 30 ሲቀነስ 8፣ 170። ሚስማሩ ከወለሉ 170 ላይ ይገባል። ሽቦውን ሳትወጥሩ ከለካችሁ ስዕሉ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

አንድ ሳይሆን ሁለት ማንጠልጠያ ተጠቀሙ፣ ያን ጊዜ ሽቦውንም ማንጠልጠያዎቹ በሚይዙት ቦታ በሁለት ጣት ወጥራችሁ ለኩ። በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ፍሬም በር በተዘጋ ቁጥር ይዘማል። ሁለቱ እኩል መሆናቸውን በውሃ ልክ አረጋግጡ፣ ስልካችሁ ላይም ይኖራል።

ብሎኬት፣ ጡብ ወይም ኮንክሪት ከሆነ በድሪልና በግድግዳ ፑንታ በስታችሁ ፊሸር አስገቡ፣ ከዚያ ብሎኑን። ቀላል ፍሬም ካልሆነ በቀር ኮንክሪት ላይ ሚስማር በመዶሻ አትታገሉ፣ ልስኑ ይፈርሳል እንጂ አይገባም። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ለሱ ተብሎ የተሠራ ፊሸር አለ፣ ተራው አይዝም። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በቀጥታ በላይ፣ በታችና በጎን አትብሱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መስመር ነው የሚያልፈው። ከመብሳታችሁ በፊት ቦታው ላይ ፕላስተር ለጥፉበት፣ ፑንታው አይንሸራተትም።

8. ብዙ ትንንሽ ስዕሎች ካሏችሁ

መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሩ። ትልቁን ወይም ደማቁን መሃል አካባቢ አድርጉ፣ ግን ልክ መሃል ላይ ባይሆን ይሻላል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት በሁሉም ቦታ እኩል ይሁን፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር። ፍሬሞቹ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ክፍተቱ እኩል ከሆነ ዓይን አይረበሽም። ደስ ሲላችሁ ወንበር ላይ ቆማችሁ ከላይ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ በወረቀት ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና በወረቀቱ ላይ ብሱ። የቡድኑ መሃል እንደ አንድ ስዕል ተቆጥሮ 148 አካባቢ ይውላል።

ወደፊት ይጨመራል ብላችሁ ካሰባችሁ ከመሃል ወደ ውጪ እያደገ የሚሄድ አደራደር ምረጡ። በአራት ማዕዘን የተዘጋ አደራደር አዲስ ስዕል ሲመጣ ሁሉንም እንደገና ያስበሳል።

ከተሰቀለ በኋላ ያለው ጥቂት ነው። መስታወቱን ስታጸዱ ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጩ፣ ወደ ፍሬሙ ሥር ወርዶ ወረቀቱን ያርሰዋል። ፍሬሙ ጀርባ ላይ ማን እንደሠራው፣ ከማን እንዳገኛችሁትና ዓመቱን በእርሳስ ጻፉ። ደግሞ አንድ ስዕል ማየት ያቆማችሁ ሲመስላችሁ ከሌላ ክፍል ካለው ጋር አቀያይሯቸው። ሁለቱም ፍሬሞች እኩል ከሆኑና የማንጠልጠያቸው ርቀት አንድ ከሆነ አዲስ ቀዳዳ አያስፈልግም፣ እኔ አሁን ፍሬም ሳሠራ ሁልጊዜ ያንኑ መጠን የማዘው ለዚህ ነው።